ቅጠልና እንጨት የሚሸት የወንድ ሽቶ፦ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይቀባል?

የወንድ ሽቶ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ጠርሙሱን ያነሳል፣ እጁ ላይ ይረጫል፣ ያሸታል፣ «አሪፍ ነው» ይልና ይከፍላል። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ሽቶ ከሆነ ይህ ችኮላ ብዙም አይጎዳም። እንደዚያ ዓይነቱ ያለውን ሁሉ ገና ከበር ላይ ያሳያል። ቅጠላ ቅጠልና እንጨት የሚሸተው ግን ሌላ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ላይ ያሸተታችሁትና ከአራት ሰዓት በኋላ ቆዳችሁ ላይ የሚቀረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አብሯችሁ የሚውለው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው መመሪያ ግማሹ እንዴት እንደምትጠብቁና እየጠበቃችሁ ምን እንደምትፈልጉ ነው።

ከመጀመራችን በፊት፦ ይህ ሽቶ ምንድን ነው?

«አሮማቲክ» የሚባለው ወገን የቅጠላ ቅጠሉ ነው፦ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ሴጅ፣ አንዳንዴም የጥድ ፍሬና ሄል። ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚከፍት፣ ትንሽ መረር የሚል ጠረን አላቸው። «ዉዲ» የሚባለው ደግሞ የእንጨቱ ወገን ነው፦ ሴዳር፣ ሰንደል፣ ቬቲቨር፣ ፓቹሊ። እግረ መንገዴን፣ ቬቲቨር የሣር ሥር ነው፤ ፓቹሊም ቅጠል ነው። ሁለቱም ከግንድ ጋር አይተዋወቁም። ጠረናቸው አፈር አፈር የሚል ስለሆነ ግን ሽቶ ቀማሚዎች ከእንጨቱ ጋር ይመድቧቸዋል።

ሁለቱን ወገኖች የሚለያቸው ዋናው ነገር የመትነን ፍጥነታቸው ነው። የቅጠላ ቅጠሉና የሎሚ ወገኖቹ ሞለኪውሎች ቀለል ስለሚሉ ቶሎ ይተናሉ። የእንጨቶቹ ከበድ ስለሚሉ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ይቆያሉ። የቀማሚው ትልቁ ፈተና ላቬንደሩ ሲሄድና ሴዳሩ ሲመጣ መሀል ላይ ባዶ ቦታ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። እኔ የጥሩና የመናኛ ሽቶ ልዩነት የሚታወቀው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። የጠርሙስ ውበትም ሆነ የታዋቂ ተዋናይ ፎቶ ይህን አይሸፍነውም።

የዚህ ሽቶ ቤተሰብ አያት የተወለደው በ1882 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀማሚው ፖል ፓርኬ ሁቢጋ ለተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት «ፉዤር ሮያል»ን ሠራ። ላቬንደርን፣ ኦክ ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሽበትና ኩማሪንን አጣመረ። ኩማሪን ቶንካ በሚባለው ፍሬ ውስጥ የሚገኝ፣ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸት ንጥረ ነገር ነው። ዊልያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1868 በላብራቶሪ ሠርቶት ስለነበር ለፓርኬ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። ከላይ ላቬንደር፣ ከታች ደረቅና ሞቅ ያለ መሠረት የሚለው አሠራር ከዚያ ጀምሮ የወንድ ሽቶን አልለቀቀም።

1. ለአፍንጫችሁ ማወዳደሪያ ስጡት

አንድን ሽቶ ለብቻው አሽትቶ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት ያስቸግራል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት የታወቁትን አሽቱ። ግዟቸው ማለቴ አይደለም፤ መሞከሪያ ጠርሙስ ካገኛችሁ ይበቃል።

አዛሮ ፑር ኦም (1978) ቅጠላ ቅጠሉ ገኖ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። ላቬንደር፣ በሶብላና አኒስ ከላይ፣ ሰንደልና ሞቅ ያለ የቆዳ ጠረን ከታች። አንክር ኑዋር የተባለው የላሊክ ሽቶ (2006) ተቃራኒው ነው። ቀማሚዋ ናታሊ ሎርሶን ቬቲቨርን ከነጭሱና ከነእርጥብ አፈሩ ፊት ለፊት አስቀምጣዋለች። ይህን ከወደዳችሁ ጠቆር ያለ እንጨት ይስማማችኋል። አፍንጫችሁን ካዞራችሁ ደግሞ ለሰለስ ያለ ሰንደል ወዳለበት ሂዱ። በሁለቱ መሀል ቴር ደርሜስ (2006) አለ። የቀማሚው የዣን ክሎድ ኤሌና ሥራ ነው። በብርቱካንና በግሬፕፍሩት ይጀምራል፣ ቁንዶ በርበሬ ይከተላል፣ ከዚያ ወደ ቬቲቨርና ሴዳር ይወርዳል። መጋጠሚያው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጋችሁ ለማግኘት ሞክሩ። ይቸግራችኋል። ጥሩ አሠራር የምለው ይህን ነው።

ስለ ድሮ ሽቶዎች የሚወራውን ሁሉ እንዳለ አትቀበሉ። የኦክ ሽበት አንዳንድ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂ ስለሚያመጣ አጠቃቀሙ በጥብቅ ተገድቧል። በዚህ የተነሳ ብዙ የቆዩ የወንድ ሽቶዎች ቅመማቸው ተቀይሯል። ስሙና ጠርሙሱ ያው ሆኖ ውስጡ ቀለል ብሎ ታገኙት ይሆናል።

2. በወረቀት ጣሉ፣ በቆዳ ምረጡ

ሽቶ ለመሞከር በምትወጡበት ቀን ሌላ ሽቶ አትቀቡ። ጉንፋን ከያዛችሁም ለሌላ ቀን አስተላልፉት። በአንድ ዙር ከአራት በላይ አታሽቱ፤ ከዚያ በኋላ አፍንጫ መለየት ያቆማል።

መሞከሪያ ወረቀቱ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት አንዴ ርጩ። ወረቀቱ ላይ ስሙን ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋችኋል። አልኮሉ እስኪበን አንድ ደቂቃ ስጡት። ወዲያው አፍንጫ ላይ ከደቀናችሁት የምታሸቱት አልኮሉን ነው፣ ይሰነፍጣችኋል። ከዚያ አሽቱ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድገሙት።

ወረቀት የማትፈልጉትን ለመጣል ጥሩ ነው። ለመምረጥ ግን አይሆንም። ሙቀት የለውም፣ ወዝ የለውም። በሽቶው ላይ የሚሆነውን ሁሉ የምታዩት ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ የተረፉትን ሁለቱን አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አንጓችሁ ላይ ርጩ።

አንጓችሁን ከአንጓችሁ አታሹት። «ሞለኪውሉ ይሰበራል» የሚባለው እውነት አይደለም። ማሸት ቆዳውን ያሞቀውና የላይኛውን ጠረን ቶሎ ያባርረዋል። እኛ ደግሞ ላቬንደሩ ሲመጣም ሲሄድም ማየት እንፈልጋለን።

3. ሰዓት እየጠበቃችሁ አሽቱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከመደብሩ ወጥታችሁ ወደ ጉዳያችሁ ሂዱ። ከሩብ ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት፣ ከአራት ሰዓት በኋላና ማታ ላይ አንጓችሁን አሽቱ። የምትጠይቁት ጥያቄ በየሰዓቱ ይለያያል።

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የምታገኙት ቤርጋሞትን (የብርቱካን ወገን የሆነ ፍሬ ነው) እና ላቬንደርን የመሳሰሉትን ነው። ጥያቄው ንጹሕ ነው ወይስ ንጽሕና ያስመስላል የሚለው ነው። ጥሩ ላቬንደር ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ ካምፎር ካምፎር የሚል፣ ከውስጡ አረንጓዴ ነገር ያለው ነው። ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ትዝ ካላችሁ ምክንያት አለው። ዳይሃይድሮማይርሴኖል የሚባል ንጥረ ነገር ለወንድ ሽቶም ለማጠቢያ ምርትም ይገባል። በራሱ መጥፎ አይደለም። ድራካር ኑዋር የተባለው የወንድ ሽቶ በ1982 በብዛት ተጠቅሞበት ዝነኛ ሆኗል። ችግሩ ሽቶው ከእሱ ሌላ የሚናገረው ሲያጣ ነው። ለማንኛውም እዚህ ላይ ምንም አትወስኑ። በጣም የወደዳችሁትንም፣ የጠላችሁትንም እለፉት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መጋጠሚያው ላይ ናችሁ። ቅጠሉ እየሄደ ነው፣ እንጨቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። ጥሩ ቀማሚ እዚህ ድልድይ ይሠራል። ጄራኒየም አንዱ ነው። ጽጌረዳም ናዕናዕም ስለሚሸት በሁለቱም በኩል ይጨብጣል። ክላሪ ሴጅም እንዲሁ፤ ቅጠል ሆኖ ሳለ ሞቅ ያለ፣ ትንባሆ ነክ ነገር አለው። ሄልና ገውዝም ከቅዝቃዜው ወደ ሙቀቱ ያሻግራሉ። አንጓችሁን ስታሸቱ ከመጀመሪያው ጠረን ትንሽ፣ ከሚመጣውም ትንሽ ካገኛችሁ ሽቶው ተሠርቷል። ጠረኑ ድንገት ጠፍቶ ሌላ የማይዛመደው ነገር ከተተካ፣ ወይም ደግሞ ስም የማይወጣለት ጣፋጭ ነገር ብቻ ከቀረ፣ ብዙ አትድከሙ። ተዉት።

ከአራት ሰዓት በኋላ እንጨቱ ብቻውን ነው። ሴዳር ደረቅ ነው። እርሳስ ስትቀርጹ የሚወጣው ሽታ እሱ ነው ማለት ይቻላል። «ቨርጂኒያ ሴዳር» የሚባለውና ለሽቶ በብዛት የሚውለው ዛፍ ከጥድ ወገን ነው፤ ለእርሳስ ሥራም ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሰንደል ለስላሳ ነው። ወተት ወተት ይላል፣ ቆዳ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ቬቲቨር ጭስ፣ አፈርና ትንሽ ምሬት ነው። ፓቹሊ እርጥብ ነው፤ ብዙ ከሆነ ደግሞ የታፈነ ክፍል ይሸታል። ከእነዚህ የቱ እንዳለ መለየት ባትችሉ ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ ለዩ፦ ይህ እንጨት ያሳርፋል ወይስ ይወጋል?

ይወጋል ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ዘመናዊ የወንድ ሽቶዎች መሠረታቸው ላይ በላብራቶሪ የተሠራ ኃይለኛ ደረቅ እንጨት ይጨምራሉ። ሲያንስ ጉልበት ይሰጣል። ሲበዛ አፍንጫ ጥግ ላይ ይቧጥጣል፣ ከሩቅ ይጮኻል፣ እስከ ማግሥቱ ድረስ ከሸሚዝ አይለቅም። «ለረጅም ጊዜ ይቆያል» እየተባለ የሚሞገሰው አንዳንዴ ይኸው ነው። መቆየቱ ብቻውን ሙያ አይደለም። የሚቆየው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ተነስታችሁ ግን ላብራቶሪ የነካው ሁሉ መጥፎ ነው እንዳትሉ። «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» የሚለው ጽሑፍ እኔን አያንቀሳቅሰኝም። በ1970ዎቹ የመጣው አይሶ ኢ ሱፐር የሚባለው ንጥረ ነገር ለስላሳ ሴዳር ይሸታል፣ ጠረኑን ያሰፋዋል፣ አየር ይሰጠዋል። ቴር ደርሜስ ውስጥ በብዛት አለ። ጌዛ ሾን የተባለ ጀርመናዊ ቀማሚ በ2006 ያወጣው ሞለኪውል 01 የተባለው ሽቶ ከእሱ በቀር ሌላ የሽቶ ንጥረ ነገር የለውም። ደግሞ አንዳንድ ሰው ጨርሶ አይሸተውም፤ አንዳንዱ ያሸተውና ይጠፋበታል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይመጣለታል። ስለዚህ ጓደኛችሁ የሚያብድለት ሽቶ ለእናንተ ውሃ ቢሆንባችሁ ከሁለታችሁ አንዳችሁም አልተሳሳታችሁም።

4. «ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ሰው ጠይቁ

አፍንጫ የለመደውን ጠረን ይተዋል። ሽቶው ሳይጠፋ ለእናንተ ብቻ ይጠፋባችኋል። እንጨት የሚሸቱ ሽቶዎች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ጠፋ ብሎ ቀን ላይ ሌላ አምስት ጊዜ ይረጫል፤ አጠገቡ ያሉት ደግሞ መስኮት ይከፍታሉ። ከመድገማችሁ በፊት የምታምኑትን ሰው ጠይቁ። ወይም ውጭ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ሳቡና ተመለሱ። በመደብሮች የሚቀመጠው የቡና ፍሬ አፍንጫን «ያድሳል» ይባላል። ከዚያ ይልቅ ምንም ያልነካውን የክንዳችሁን መታጠፊያ ማሽተት ይሻላል፤ ሌላ ኃይለኛ ጠረን ላይ ጠረን አትጨምሩም።

5. ጠርሙሱንና ካርቶኑን አንብቡ

ኦ ደ ኮሎኝ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ የሽቶ ቅመም አለው። ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20፣ ፓርፋም ወይም ኤክስትሬ ከዚያ በላይ። ጥብቅ ሕግ ስላልሆነ ከቤት ቤት ይለያያል። ዋናው ቁምነገር ግን፣ በአንድ ስም የወጡት ኦ ደ ቷሌትና ኦ ደ ፓርፋም ብዙ ጊዜ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ አይደለም። ቅመማቸውም ይለያያል። ኦ ደ ፓርፋሙ ላይ እንጨቱና ጣፋጩ ይከብዳል፣ ቅጠሉ ያንሳል። ለዚህ ቤተሰብ እኔ ኦ ደ ቷሌቱን እመርጣለሁ። ቅጠሉ ሲያንስ የሽቶው ግማሽ ሄዷል።

ካርቶኑ ላይ ሊናሉል፣ ሊሞኒን፣ ኩማሪን የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። የአውሮፓ ደንብ አለርጂ ሊያመጡ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች ከተወሰነ መጠን ካለፉ እንዲጻፉ ያስገድዳል። ሊናሉል በላቬንደርና በቤርጋሞት፣ ሊሞኒን በብርቱካንና ሎሚ ወገኖች፣ ኩማሪን በቶንካ ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ ቤተሰብ ሽቶ ላይ ባታገኟቸው ነው የሚገርመው። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ።

6. ትንሽ ግዙ

አምስት ወይም አሥር ሚሊ ሊትር የምታገኙ ከሆነ በእሱ ጀምሩ። በሞቃት ቀን፣ በብርድ ቀን፣ ሥራ በበዛበት ቀን ሞክሩት። ሙቀት ቅጠሉን በፍጥነት ያባርርና እንጨቱን ያገዝፋል፤ ብርድ ላይ ነገሩ ሁሉ ይዘገያል። በብርድ ወራት የወደዳችሁት ከባድ ቬቲቨር ፀሐይ ሲወጣ ሊያፍናችሁ ይችላል።

7. አቀባቡ

ታጥባችሁ ከደረቃችሁ በኋላ ቀቡ። ደረቅ ቆዳ ላይ ሽቶ ቶሎ ይጠፋል፤ ሽታ የሌለው ሎሽን ቀድማችሁ ብትቀቡ ይረዳል። ፊታችሁን በተላጫችሁበት ቦታ ላይ ግን አትርጩ፤ አልኮሉ ያቃጥላል።

ሁለት ወይም ሦስት ርጭት በቂ ነው። አንዱን ደረት ላይ ከሸሚዝ ሥር፣ አንዱን ማጅራት ላይ። ደረት ላይ ያለው ልብስ ስለሚሸፍነው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ስትንቀሳቀሱ ብቻ ሽው ይላል። የዚህ ሽቶ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ከሰውየው ቀድሞ አይገባም። የቀረበ ሰው ያገኘዋል፣ የራቀ አይረበሽም። ለቢሮ፣ ለስብሰባ፣ ሰው ተጠጋግቶ ለሚቀመጥበት ቦታ የሚመቸው ለዚህ ነው። ሙዚቃ በሚጮኽበት የምሽት ድግስ ላይ ግን ከጣፋጮቹ ጋር አይወዳደርም፤ ከእነሱ ለመብለጥ ብላችሁ ርጭት ብትጨምሩም ውጤቱ ያው ነው።

ልብስ ላይ ሽቶ ከቆዳ የበለጠ ይቆያል። ሱፍና ጥጥ ይሸከሙታል። ሐርና ነጭ ጨርቅ ላይ ግን እድፍ ሊተው ስለሚችል ተጠንቀቁ። አየር ላይ ረጭቶ በመሀሉ ማለፍ የሚባለውን ዘዴ ተዉት፤ አብዛኛው የሚቀባው ወለሉን ነው።

አንድ ርጭት ባማካይ 0.1 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 500 ርጭት ይሆናል። በቀን ሦስት ብትጠቀሙ ከአምስት ወር በላይ ያስኬዳችኋል። 100 ሚሊ ሊትሩን በቅናሽ ስም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ሌላ ጥንቃቄ፦ በቤታችሁ የቤርጋሞት ዘይት ቀላቅላችሁ ሽቶ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ያልተጣራው ዘይት ቤርጋፕቴን የሚባል ነገር ስላለበት ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይተዋል። ፋብሪካዎች ቤርጋፕቴኑ የወጣለትን ይጠቀማሉ ወይም መጠኑን ይገድባሉ።

«የወንድ» የሚለው ጽሑፍ በአብዛኛው የገበያ ጉዳይ ነው። ገርላን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ያወጣው ዢኪ የተባለ ሽቶ በ1889 ላቬንደርን ከቫኒላ ጋር ይዞ ሲወጣ ወንዱም ሴቱም ተቀብተውታል። እህታችሁ ቬቲቨራችሁን ከወሰደችባችሁ ለመቀማት ጥሩ ምክንያት የላችሁም።

8. አቀማመጡ

ሽቶን የሚያበላሹት ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል አታስቀምጡት። መስኮት አጠገብም አይሆንም። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከተቻለ ከነካርቶኑ ቢቀመጥ ለዓመታት ይቆያል።

ቀለሙ ስለጠቆረ ብቻ ተበላሸ አትበሉ። መበላሸቱን የሚያሳየው የመጀመሪያው ጠረኑ ነው፤ ሲረጭ ኮምጣጣ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ካመጣ ቤርጋሞቱና ቅጠሉ ሄደዋል ማለት ነው። በዚህ ቤተሰብ ቶሎ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ እንጨቱ ከእነሱ ይልቅ ይጸናል። ስለዚህ ያረጀ ጠርሙስ ካላችሁ ወዲያው አትጣሉት። እጃችሁ ላይ ርጩና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ኮምጣጣው በንኖ ጥሩ ሴዳር ከቀረ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ቀቡት።